ጥላ ያነበቡ አባትና ልጅ፦ የጀበርቲዎቹ ቤት በካይሮ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ባለፈው መጋቢት መገባደጃ ላይ እዚህ ቢታ ገነት፣ በመድረሳችን ግቢ ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ተከልን። ልጆቹ ከረፋዱ ጀምረው በጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር እያስቀመጡ ይጠብቁ ነበር። ጥላው እያጠረ፣ እያጠረ መጣና ስድስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ጭራሽ ጠፋ። ዘንጉ ቆሟል፣ ፀሐይ አለች፣ ጥላ ግን የለም። አንዷ ትንሽ ልጅ «ኡስታዝ፣ ማን ወሰደው?» አለችኝ።

በማግስቱ የአንዱ ደረሳ አባት መጣ። «ኡስታዝ፣ ልጄን የላክሁት ቁርኣን ሊቀራ ነው፤ እንጨት ለመትከልማ እኔም ጓሮ አለኝ» አለኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ትሑት ሰው ነው፣ የከበደኝም ለዚያ ነው። «ለሶላት ሰዓት ብዬ ነው» አልኩት። «ለሶላት ሰዓት ስልክ አለ አይደል?» አለኝ። አለ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ለሁለት ሳምንት ከመድረሳ ቀረ።

ያን ቀን የረባ መልስ አልነበረኝም። ቆይቼ ሳስበው፣ ለዚህ ወንድማችን ልነግረው የሚገባኝ የአንድ አባትና የአንድ ልጅ ታሪክ ነበር። ታሪኩ የተፈጸመው ካይሮ ነው፤ የቤተሰቡ ሥር ግን ከእኛው ከሐበሻ ምድር ነው። ለእሱ ያልኩትን ለሁላችንም ላቅርበው።

ከዘይላዕ የተነሳው ዘር

«ጀበርት» የሚለውን ስም ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው በሰሜን ላሉት ሙስሊም ወንድሞቻችን መጠሪያ ሆኖ ነው። በድሮዎቹ የዐረብ ጸሐፊዎች ዘንድ ግን ጀበርት ማለት በዘይላዕና በኢፋት በኩል ያለው የሙስሊሞች አገር ነበር። እየቆየ ከሐበሻ ለኢልም የሚወጣ ሙስሊም ሁሉ በዚህ ስም ተጠራ። እነዚህ ሰዎች በመካ፣ በመዲናና በካይሮው አዝሀር መስጊድ የየራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው። ሪዋቅ ማለት ከአንድ አገር የመጡ ደረሶች የሚያድሩበት፣ የሚቀሩበትና ቀለባቸውን የሚያገኙበት የመስጊዱ ክፍል ነው።

በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ፣ ዐብዱረሕማን የሚባል አንድ የጀበርት ሰው ባሕር ተሻግሮ ጂዳ ወረደ። በመካ ተቀመጠ፣ መዲናን ዘየረ፣ ከዚያም ወደ ካይሮ ሄዶ አዝሀር ገባ፤ ውሎ አድሮም የጀበርት ሪዋቅ ሸይኽ ሆነ። ሹመቱ ከእሱ በኋላ በልጅ በልጅ ልጅ ዘለቀ።

እዚህ ላይ እኛን ካፋዎችን የሚመለከት አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ስለ ቡና ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ የጻፈው ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ እንደሚተርከው፣ ቡና በካይሮ መጀመሪያ የታየው በዚያው በ10ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ፣ በዚያው በአዝሀር፣ በየመን ደረሶች ሪዋቅ ውስጥ ነበር። ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት ይጠጡት ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው የጀበርቲ አባትና ከእኛ ዓይነት ደን የወጣችው ቡና ወደ አንድ መስጊድ የገቡት በአንድ ዘመን አካባቢ ነው ማለት ነው። ከዚህ የማወጣው ትልቅ ድምዳሜ የለኝም። ግን ልጆቻችን ዓለም ከእነሱ የራቀ ሲመስላቸው ይህን ብትነግሯቸው ጥሩ ነው እላለሁ። ባዮስፌር ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበውን ደን ከደጃቸው ሆነው ነው የሚያዩት።

ወላጅ አልባው ሕፃን

ከዚህ ዘር ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ በ1110 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1698 ገደማ) ተወለዱ። አባታቸው ሲሞቱ ገና የወር ሕፃን ነበሩ። እናታቸውና አያታቸው አሳደጓቸው፤ አያትየው ሀብት ነበራቸውና ለልጁ ቤትም ንብረትም አቆዩለት። አባቱን በዓይኑ ያላየ ልጅ አድጎ እንዲህ ያለ አባት መሆኑ ይገርመኛል። አባትነትን ከየት ተማረው? ይህን ኪታቡ አይነግረንም።

ሸይኽ ሐሰን በሐነፊ መዝሀብ ትልቅ ፈቂህ ነበሩ፣ ፈትዋ ይጠየቁ ነበር። ቱርክኛና ፋርስኛ አቀላጥፈው ይናገሩ ስለነበር የአገሩ ተወላጆች ከእኛው ወገን ናቸው ይሏቸው ነበር። ነገር ግን ከሌሎቹ ዑለማእ የለያቸው ሌላ ነው። ሰማዩን ያውቁ ነበር። የፀሐይን መሄጃ፣ የጨረቃን ስሌት፣ ጂኦሜትሪን፣ ሚዛንን። ያወቁትንም በእጃቸው ይሠሩት ነበር። ቤታቸው የአናጺ፣ የብረት ሠራተኛ፣ የአንጥረኛና የቀራጭ መሣሪያ የሞላበት ነበር። የካይሮ ገበያ ሚዛን ተዛብቶ ሕዝብ በተጎዳ ጊዜ የሚዛንን ምስጢር መርምረው የተስተካከለ እንዲሠራ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ የሚዛን ነገር ሲነሳ ኹጥባ እናደርጋለን፤ ማድረጋችንም ደግ ነው። እሳቸው ግን ሚዛኑንም አስተካከሉት።

የፓሻው ጥያቄ

አሁን ያ ወንድማችን ያነሳብኝ ጥያቄ ዘንድ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1749 አካባቢ አሕመድ ፓሻ የሚባል የዑስማኒያ ሹም ግብፅን ሊገዛ መጣ። ሒሳብና የሥነ ፈለክ ዕውቀት የሚወድ ሰው ነበር። የአዝሀር ታላላቅ ሸይኾች ሊቀበሉት ሲመጡ ስለ ሒሳብ ጠየቃቸው፤ አናውቅም አሉት። የአዝሀሩ ሸይኽ የነበሩት ዐብዱላህ አሽ-ሸብራዊ በሌላ ጊዜ ብቻቸውን ሲያገኙት ፓሻው ቅሬታውን አልደበቀም፤ ግብፅ የዕውቀት ምንጭ ናት ሲባል ሰምቼ ለመምጣት እናፍቅ ነበር፣ ሳያት ግን እንደ ዝናዋ አይደለችም የሚል ነበር ነገሩ።

ሸይኽ ሸብራዊ፣ የአዝሀር ሰዎች ከሒሳብ የሚማሩት ለውርስ ክፍፍል የሚያስፈልጋቸውን ያህል ብቻ ነው አሉት። ፓሻው መለሰ፦ የሶላት ወቅት መግባቱን፣ የቂብላን አቅጣጫ፣ የጾምን መግቢያና መውጫ ማወቅስ የዒባዳ ጉዳይ አይደለም ወይ? ነው፣ አሉት ሸይኹ፤ ነገር ግን ፈርዱል ኪፋያ ነው፣ የተወሰኑ ሰዎች ካወቁት ከሌላው ይወርዳል፤ ደግሞም ይህ ኢልም መሣሪያና የእጅ ሙያ ይፈልጋል፣ የአዝሀር ደረሳ ደግሞ አብዛኛው ከየገጠሩ የተሰበሰበ ድኻ ነው። «ታዲያ እነዚያ የተወሰኑት የት አሉ?» በሚለው ጥያቄ ሸይኽ ሸብራዊ ወደ ሐሰን አል-ጀበርቲ ቤት ጠቆሙት።

ፓሻው ሸይኽ ሐሰንን አስጠራ፤ ከዚያም ተማሪያቸው ሆነ። የፀሐይ ሰዓት በእምነበረድ ላይ መሥራትን ከእሳቸው ተምሮ በራሱ እጅ ሠራ። ከሠራቸው አንዱ በአዝሀር፣ ሌላው በኢማሙ ሻፊዒ መስጊድ ጣሪያ ላይ ተተከለ። ሸይኽ ሸብራዊም ከዚያ በኋላ ሐሰንን ባገኟቸው ቁጥር ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር፤ አንተ ባትኖር በዚህ ሹም ዓይን ሁላችንም አህያ ሆነን ቀርተን ነበር እያሉ። ይህን የምናውቀው ከልጃቸው ኪታብ ነው። ልጁ ይህን ሲጽፍ ፈገግ ያለ ይመስለኛል።

የሸይኽ ሸብራዊን መልስ ግን በቀልድ አልፈን አንሂድ። ድኽነትን ያነሱት እውነት ነው፤ የእኛም መድረሳ ያው ነው። ፈርዱል ኪፋያ መሆኑም እውነት ነው። ችግሩ ያለው ሁላችንም «ሌላው ያውቀዋል» ብለን የተውነው ነገር ላይ ነው። በእኛ ዘመን ያ «ሌላው» ስልኩ ሆኗል።

ከአርባ ልጆች የተረፈው

ሸይኽ ሐሰን ከአርባ በላይ ልጆች ወልደዋል። ከዐብዱረሕማን በቀር ሁሉም ሳይጎረምሱ ሞቱ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስታነቡ እባካችሁ ቆም በሉ። በዚያ ዘመን ቸነፈርና ፈንጣጣ ቤት ይዘጋ ነበር። አንድ አባት አርባ ጊዜ ገደማ ጀናዛ አውጥቶ በቀረችው አንዲት ነፍስ ላይ ምን ያህል እንደሚሳሳ መገመት አያዳግትም። እኔ ብሆን ኖሮ ልጁን ከደጅ አላስወጣውም ነበር። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ጫካ ለመላክ፣ ወንዝ ለማውረድ የሚፈሩት ከዚህ ያነሰ ምክንያት ይዘው ነው፤ እኔም ከፈሪዎቹ ነኝ።

ሸይኽ ሐሰን ግን ልጃቸውን በር ዘግተው አላሳደጉትም። ዐብዱረሕማን በ1167 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1753 ወይም 54) ተወለደ፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ ቁርኣንን ሐፈዘ። ያ ወንድማችን እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ይህን ነው፤ ቁርኣኑ ቀድሟል፣ አልተጓደለም። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ልጁ ከአባቱ መጅሊስ አይጠፋም ነበር። በሰናዲቂያ ሰፈር፣ በአዝሀር አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ዓሊም፣ ሹም፣ ነጋዴ፣ የእጅ ባለሙያ፣ ከኢስታንቡልና ከማግሪብ የመጣ እንግዳ ይገባል ይወጣል። ልጁ ጥግ ይዞ ያዳምጣል። አባትየው ያዩትንና የሰሙትን ይተርኩለታል። ሥነ ፈለኩንና የወቅት ስሌቱን ከአባቱ ተማረ። በዓባይ ዳርም ቤት ነበራቸው፤ የወንዙን መሙላትና መጉደል ልጁ በዓይኑ እያየ አደገ።

የኋላ ኋላ ያ ልጅ የግብፅን ታሪክ የጻፈ ታላቅ ሙአሪኽ ሆነ። ዐጃኢቡል አሣር የተባለው ኪታቡ ስለ አሚሮችና ስለ ጦርነት ብቻ አይናገርም። በየዓመቱ ዓባይ ስንት ሞላ፣ እህል በስንት ተሸጠ፣ ወረርሽኙ መቼ ገባ፣ ጨረቃ መቼ ጠቆረች፣ ይህን ሁሉ መዝግቦታል። ሰማይና ወንዝ እያየ ያደገ ልጅ ብዕር ሲይዝ የሚጽፈው እንዲህ ነው። (ልጆቻችሁ የዓባይ ውሃ ከእኛም ነው ቢሏችሁ፣ ጎጀብ ወደ ኦሞ እንጂ ወደ ዓባይ እንደማይሄድ ንገሯቸው። ኦሞም የሚጨርሰው ቱርካና ሐይቅ ላይ ነው።)

የልጅ ፍቅርና የፈረንጆቹ ደረሶች

ዐብዱረሕማን ስለ አባቱ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ እንዲህ ነው። በ1159 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1746) ፈረንጆች ወደ ሸይኽ ሐሰን መጥተው ጂኦሜትሪ ቀሩ፣ ከአገራቸው የተሠሩ ውድ መሣሪያዎችም በስጦታ ሰጧቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰውም ዕውቀቱን አስፋፍተው የንፋስ ወፍጮን፣ ከባድ ሸክም መጎተቻን፣ ውሃ ማውጫን የመሳሰሉ ድንቅ ነገሮች ሠሩበት ይላል።

ይህን በአንዳንድ ገጾች ላይ «አውሮፓ የሠለጠነችው በአንድ ሐበሻ ሸይኽ ነው» በሚል አግኝቼዋለሁ። ወንድሞቼ፣ እንዲህ አይባልም። ፈረንጆቹ መጥተው መማራቸውን ጸሐፊው ነግሮናል፣ እንቀበለዋለን። የንፋስ ወፍጮ ግን ሸይኽ ሐሰን ከመወለዳቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በአውሮፓ ይሽከረከር ነበር። ልጁ አባቱን ስለወደደ ያለው ነው። ነውርም የለበትም፤ እኔም ስለ አባቴ ሳወራ እጨምራለሁ። ታሪክ ስናስተምር ግን ፍቅሩን ለይተን እንወቅ።

ሸይኽ ሐሰን በ1188 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1774) ሞቱ፤ ረሒመሁላህ። ልጁ ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት ነበር።

ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1798፣ ናፖሊዮን ግብፅን ወረረ። ከጦሩ ጋር ሊቃውንት ይዞ መጥቶ ነበርና ናስሪያ በተባለው ሰፈር ቤተ መጻሕፍትና የምርመራ ቤት ከፈቱ። ዐብዱረሕማን ከአንድ ጊዜ በላይ ሄዶ አየ። የእንስሳት፣ የአዕዋፍና የዕፅዋት ሥዕል ያለባቸውን መጻሕፍት፣ ሰማይ የሚያዩባቸውን መሣሪያዎች ተመለከተ። ፈሳሽ ከፈሳሽ ሲቀላቅሉ ወደ ድንጋይነት ሲለወጥ አየ። ድንገት በተፈነዳው ነገር ደንግጠው ሲዘሉ ፈረንጆቹ ሳቁባቸው። የኤሌክትሪክ ንዝረትም አሳዩአቸው። ወራሪነታቸውን አጥብቆ እየጠላ፣ ክህደታቸውን እየነቀፈ፣ ዕውቀታቸውን ግን በሐቅ መዘገበ። የእኛን ዓይነት አእምሮ የማይደርስባቸው ነገሮች እንዳሏቸው አምኖ ጻፈ።

ከ1746 እስከ 1798 ሃምሳ ሁለት ዓመት ነው። በአባትየው ዘመን ፈረንጆች ሊማሩ የሚመጡበት ቤት፣ በልጁ ዘመን ልጁ ፈረንጆች ዘንድ ሄዶ የሚደነቅበት ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሙአሪኾች ይከራከሩበታል። እኔ የማየው አንዱን ነው። ያ ሁሉ ዕውቀት ያረፈው በአንድ ሰው ቤት ላይ ነበር። መድረሳው አልያዘውም። ሸይኽ ሸብራዊ «የተወሰኑ ካወቁ ይበቃል» ያሉት የተወሰኑ ሰዎች በመጨረሻ አንድ ሰው ሆኑ፤ ያም ሰው ሞተ።

የዐብዱረሕማን መጨረሻ ያሳዝናል። ልጁ ኸሊል እ.ኤ.አ. በ1822 ሌሊት መንገድ ላይ ተገደለ። አባት ካለቀሰ በኋላ ብዕሩን አላነሳም፤ ዓይኑም ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1825 ዐረፈ። ኪታቡም ገዢዎቹ ስላልወደዱት ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆይቶ፣ ሙሉው በቡላቅ ማተሚያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1880 አካባቢ ነው።

ካይሮ ላይ የተጻፈ፣ ካፋ ላይ የሚነበብ

አሁን ወደ ዘንጋችን ልመለስ። እኔ ደረሳ ሳለሁ በፊቅህ ኪታብ የዝሁርን ወቅት ስንቀራ፣ ፀሐይ ከመሐል ሰማይ ዘንበል ስትል ይገባል፤ ዐስር ደግሞ የነገሩ ጥላ፣ በእኩለ ቀን ከነበረው ጥላ ሌላ፣ የራሱን ቁመት ሲያህል ነው ተባልን። (በሐነፊዎች ታዋቂ አቋም የቁመቱን እጥፍ ሲሆን ነው።) ይህን በቃላችን ያዝነው። ወጥቶ ያየ ግን አልነበረም። ቢያይ ኖሮ አንድ ነገር ግራ ያጋባው ነበር።

ካይሮ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 30 ዲግሪ ላይ ናት። እዚያ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው የሚወድቀው። እኛ ግን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ነን። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ አንዴ በመጋቢት ማብቂያ፣ አንዴ በነሐሴ ማብቂያ። በእነዚያ ቀናት ነው ጥላው የሚጠፋው። በመካከላቸው ባሉት ወራት የእኩለ ቀኑ ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን። ሸይኽ ሐሰን ካይሮ ላይ የቀረጹት እምነበረድ እዚህ ቢመጣ አይሠራም። ዕውቀታቸው ግን ይሠራል። ለልጅ ማስተማር የምንፈልገውም ይህን ልዩነት ነው።

ቂብላም እንዲሁ። የካይሮ ሰው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ይሰግዳል። እኛ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብለን። ልጅ ይህን ሲረዳ መካን መሬት ላይ እንዳለች ከተማ ያያታል። እሱ ከታች በኩል፣ ግብፃዊው ከላይ በኩል፣ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ አንዲት ቤት አዙረው።

ስልኩስ? ስልኩ ደግ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ስንቶቻችን ነን ስልካችን ላይ የተመረጠው ከተማ አዲስ አበባ የሆነብን? ቢታ ገነት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ናት፤ ፀሐይ እኛ ዘንድ የምትጠልቀው አሥር ደቂቃ ገደማ ዘግይታ ነው። በረመዳን የአዲስ አበባን አዛን በቴሌቪዥን ሰምቶ ተምሩን ወደ አፉ የሚያደርስ ሰው፣ እዚህ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ሊያፈጥር ይችላል። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ለአሥር ደቂቃ! ይህን በኢማማችን ፈቃድ ከመግሪብ በኋላ ስናገር ጀማዓው ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «እኛማ ድሮ ወጥተን ነበር የምናየው» አሉ። እኚህ አባት ቁርኣን ያጠሩ ምሁር አይደሉም፤ ደጅ ወጥተው ያዩ ሰው ናቸው። በሱረቱል ፉርቃን ውስጥ ጥላ እንዴት እንደተዘረጋና ፀሐይ ምልክት እንደተደረገችበት የተጠቀሰውን ስቀራ አሁን የሚመጡልኝ እሳቸው ናቸው።

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲራም የሚያሳየን ይህንኑ ነው። በበኒ ሰዕድ ገጠር በሐሊማ እጅ አደጉ፤ የመካ ሰዎችን በጎች ጠበቁ፤ በልጅነታቸው ከአጎታቸው ከአቡ ጧሊብ ጋር ወደ ሻም ተጓዙ። ትልቅ ሆነውም ትንሿ ወፉ የሞተችበትን ልጅ፣ አቡ ዑመይርን፣ ስለ ወፉ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። የዓለማት እዝነት የሆኑት ነቢይ ለአንድ ሕፃን ወፍ ጊዜ ነበራቸው።

ያ አባት

በሁለተኛው ሳምንት ልጁን ልጠይቅ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አባትየው ንብ ያነባል፤ ይህን አላውቅም ነበር። ቡና ቀርቦ እየተጫወትን፣ ቀፎ ለመስቀል ጫካ ሲገባ የሶላት ሰዓት እንዴት እንደሚያውቅ ጠየቅሁት። በዛፍ ጥላ፣ አለኝ፣ አባቴ እንዳሳየኝ። ጌተም መቼ እንደሚያብብ፣ ነጩ ማር መቼ እንደሚደርስ፣ የትኛው ዛፍ ላይ ንብ ቶሎ እንደሚገባ አንድ በአንድ ነገረኝ። ስንት ዓመቱ እያለ ነበር ከአባቱ ጋር የገባው? ሰባት ወይ ስምንት። ልጁስ? ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እስካሁን አልገባም፤ «ይማርልኝ ብዬ» አለኝ።

ሌላ አልተናገርኩም። ስለ ሸይኽ ሐሰን ያኔም አልነገርኩትም፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ልጁ ሰኞ መጣ። ሉሁን ይዞ ተቀመጠ፣ ካቆመበት ቀጠለ። ከዐስር በኋላ ለልጆቹ ስለ ጌተም አበባ ሲነግራቸው ሰማሁት፤ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ሄዶ ነበር።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ማየት ለምትፈልጉ፣ በግንቦት 19 እና 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ፀሐይ ልክ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። በዚያች ደቂቃ ፀሐይ የሚያገኛት ቦታ ሁሉ፣ ቀጥ ያለ ዘንግ ብትተክሉ፣ ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር ያለው መስመር ቂብላን ያመለክታል። ለዚህ ስሌትም ኢንተርኔትም አያስፈልግም፤ የተስተካከለ ሰዓት ብቻ ያዙ። የመስጊዳችሁን ሚሕራብም ልትፈትሹበት ትችላላችሁ። በእኛ በኩል ግንቦት ደመና አያጣውምና ካመለጣችሁ አንድ ቀን ቀደም ወይም ዘግየት ብላችሁ በዚያው ሰዓት ብታዩ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለተኛው ዕድል ሐምሌ 8 እና 9፣ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ነው። ለካፋ ሰው ግን በሐምሌ ፀሐይ አልመክርም፤ በግንቦቱ ተጠቀሙ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።